አንገር ጉቲን የሄደው ሳጥን

ሰኔ 2

ሳጥኖቹ ዛሬ ሄዱ። ሦስት ናቸው፤ አንዱ ለዲጋ፣ አንዱ ለአርጆ፣ አንዱ ለአንገር ጉቲን ጤና ጣቢያ። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚሞቁባቸው ናቸው። አዲስ አበባ በሐራጅ ሳገኛቸው ገላቸው ደህና ነበር፤ ውስጣቸው ግን ከሞተ ቆይቷል። ገላውን እኔ ገዛሁ፣ ነፍሱን ሌሊሳ ሠራለት።

ሌሊሳ መሐንዲስ ነው። ከሱቄ ጀርባ ጠረጴዛ አለው፤ ነቀምቴ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ከባዶ የሚሠራ ሌላ ሰው አላውቅም። አዲሱን ቦርድ ሲያሳየኝ አራት ክሪስታል አየሁና ተቆጣሁ።

«አንድ አይበቃም?»

«አዴ ሸዋረገድ፣ ክሪስታል የቦርዱ ልብ ነው። እሱ ይመታል፣ ቦርዱ በምቱ ልክ ይሠራል። እዚህ መብራቱ ሲመላለስ፣ መብረቁ ሲጮህ አንዱ ልብ ይቆማል። ያን ጊዜ ቦርዱ ባለበት ይደርቃል። ማሞቂያው በርቶ ከነበረ እንደበራ፣ ጠፍቶ ከነበረ እንደጠፋ ይቀራል።»

«ደወል የለውም?»

«ደወሉንም የሚያዘው ያው ምት ነው።»

«እንግዲያው ሦስት አድርገው፤ ሁለቱ አንዱን ያሸንፉታል።»

ሳቀ። «የታመመው ጭልጥ ብሎ ዝም ቢል ሦስት ይበቃ ነበር። ክፋቱ ደክሞ ሲመታ ነው። አንዱ ጎረቤቱ ‹መታ› ይላል፣ ሌላው ‹አልመታም› ይላል። በሁለት ነጋዴ መካከል የሚመላለስ ደላላ አላጋጠመዎትም? ለዚህ ሌላ፣ ለዚያ ሌላ እያወራ ሁለት ጨዋ ሰው የሚያጣላ? አራት ከሆኑ ግን ሦስቱ ጤነኞች የሰሙትን ይነጋገሩና ውሸታሙን ይተዉታል።»

እንዲህ ያለውን ደላላ አሳምሬ ነው የማውቀው። አራት ይሁን አልኩ።

ሌሊሳ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሄዷል። መኪናው ከመነሳቱ በፊት ቦርዶቹን በሰም ቀባኋቸው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረው፣ ወደ ቆላ የሚሄድ ሬዲዮ ሳይቀባ አያስወጣም ነበር። እርጥበት አይገባውም፣ ጉንዳን አይገባውም። የአንገር ሰፋሪዎች «ባለ ሰሙን ሬዲዮ» እያሉ ነበር የሚጠይቁት። ከሞረዳ፣ ከማር ነጋዴው፣ ሰፈፍ ገዛሁ፤ አንድ ጊዜ አፈላሁት፣ በብሩሽ ቀባሁ። መኪናው ቆሞ ነበር። አራቱም ክሪስታሎች እንደ ማር እንጀራ ቢጫ ሆኑ። ያማረ ሥራ።

ሰኔ 5

ሐሴት ደወለች። ልጄ አንገር ጉቲን አዋላጅ ነርስ ናት፤ ሳጥን አምጪልን ብላ የጨቀጨቀችኝም እሷ ናት።

«እማዬ፣ ትናንት ደርሷል። ዕለቱኑ ሰው ገባበት።»

«የማን ልጅ?»

«የባዩሽ። አባቷ ሰሊጥ የሚያመጡልሽ፣ የወሎዎቹ። ሴት ናት። ስልክሽን አስቢው፤ ከእሱ ብዙም አትበልጥም።»

ባዩሽ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ይቺ የመጀመሪያዋ ናት በሕይወት የመጣች። የሳጥኑን ባለቤት የክርስትና ስም ጠይቂልኝ፣ በጸሎት ላስባት ብላለች አለችኝ ሐሴት። ነገርኳት።

የሐሴት ድምፅ ተዘግቷል። ለምን አልኳት። ሌሊቱን ከሳጥኑ አጠገብ ቁጭ ብላ እንዳደረች ነገረችኝ። የምሽት ተረኛ እሷ ብቻ ናት።

«ታዲያ ሳጥኑ ለምን መጣ? አራት ልብ አለው፤ ሙቀቱን ፊቱ ላይ ይጽፍልሻል። ቁጥሩን አይተሽ ተኚ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የሸጥኩትን አላውቅም?»

ሳቀች። «እሺ እማዬ፤ እተኛለሁ።»

ሰኔ 8

ዝናብ። ገበያው ጭቃ። ሰው እንደ ጉድ።

ከጊምቢ ሁለት ክሊኒኮች ሳጥን ፈልገው መጡ። ጠብቁ አልኳቸው፤ ሲጠብቁ የበለጠ ይፈልጋሉ። ከበሩ ውጭ ሁለት ጎረምሶች ሲያወሩ ሰማሁ።

«ሸዋረገድ ሕፃን መፈልፈያ አምጥታለች አሉ።»

«እንቁላል አስገብተን ብንሞክረውስ?»

«ነርስ ሆኖ ቢፈለፈልስ?»

ሳቅሁ። ይሳቁ፤ የተሳቀበት ዕቃ ይሸጣል።

ሰኔ 11

የአንገር ጉቲን መንገድ ተዘጋ። የአይሱዙው ሹፌር ቢላል መንገዱ ላይ ካለችው ከኡኬ ተመለሰ። ምክንያቱን የነገረው የለም፤ እሱም አልጠየቀም። ስልክም ከትናንት ጀምሮ ከዚያ ወዲያ አይሄድም።

ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ባለፈው ክረምትም ነበር። ሐሴት ዱቄት አላት፣ ዘይት አላት፣ ላምባ አላት።

ሰኔ 13

አርጆ ያለችው ነርስ ቦንቱ ደወለች።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ ሸዋረገድ። ሳጥንዎ አረፈ።»

«እንዴት አረፈ?»

«ባዶውን እያሞቅነው ነበር። ፊቱ ላይ ሠላሳ ስድስት ይላል። እጄን ሳስገባ የወንዝ ውሃ ነው።»

«ቁጥሩስ?»

«አልኩዎት እኮ፤ ሠላሳ ስድስት። ከጠዋት ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። እግዜር ይመስገን ልጅ አልነበረበትም። እኔ ቁጥሩን አይቼ ወደ ሻይ ልሄድ ነበር።»

መብራታችሁ ይሆናል አልኳት። ነቅላችሁ ሰኩት። ነቅለን ሰክተናል አለች። እንግዲያው ላኩልኝ አልኩ።

አንድ ዕቃ ይበላሻል። ከሦስት ዕቃ አንዱ ቢመለስ ንግድ ነው። አርጆ ደግሞ ብርድ ነው፤ አንገር ቆላ ነው። ቆላ ላይ ማሞቂያ ቢጠፋም ያን ያህል አይደለም።

ከመተኛቴ በፊት የጻፍኩትን አነበብኩት። ክረምት ላይ ቆላም በሌሊት ይበርዳል። እዚያ ሰባት ክረምት ነግጃለሁ፤ ለማን ነው የማስረዳው።

ሰኔ 15

ዲጋም።

የእነሱ በተቃራኒው ነው። እንደበራ ደርቆ ፍራሹን አጥቁሮታል። ቁጥሩ ሠላሳ ስድስት ይላል። ባዶ ነበር።

ሌሊሳ ጋ ደወልኩ። በንግግሬ መሃል ጮህኩበት፤ ክሪስታል ብለህ ድንጋይ ገዝተሃል አልኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ «ሦስተኛው የት ነው?» አለ።

አንገር ጉቲን አልኩት።

«ልጅ አለበት?»

አለበት።

«ነገ እነሳለሁ» አለ።

ሰኔ 16

ስልክ ሞከርኩ። አይሄድም። ቴሌ ቢሮ ሄጄ ጠየቅሁ። አንዱ ልጅ «እናቴ፣ እኛም እናታችንን አላገኘንም» አለኝ።

ደንበኛ መጣ። አምፖል ሸጥኩ። ፊዩዝ ሸጥኩ። ቁጥሩን አይተሽ ተኚ ነው ያልኳት።

ሰኔ 18

ሌሊሳ ገባ። ቦርሳውን ሳያወርድ የአርጆን ቦርድ አነሳ። ቢላል አምጥቶት ነበር። ወደ መስኮቱ ወስዶ አየው፣ አገላበጠው፣ አሸተተው።

«አዴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሰም ነው። ለእርጥበት።»

«ማን ቀባው?»

«እኔ።»

በጥፍሩ ፍቆ ምላሱ ላይ አደረገው። ፊቱን እያየሁ ነበር። አልተቆጣም።

«ደማ» አለ ቀስ ብሎ። ማር።

ከዚያ አስረዳኝ። የሬዲዮ ዕቃ ብዙው ጆሮው ወፍራም ነው፤ ቢቀባም ግድ የለውም። የክሪስታል ምት ግን ሹክሹክታ ነው። ያልተጣራ ሰፈፍ ውስጥ ማር ይቀራል፤ ማር ከአየር ውሃ ይስባል፣ ውሃው ሹክሹክታውን ይጠጣዋል። በጋ ላይ ቢሆን ወራት ይቆይ ነበር። ክረምት ነው።

«አንዱ ሲታመም ሌሎቹ እንዲይዙት ብዬ ነው አራት ያደረግኋቸው። አራቱም አንድ ማር ከላሱ ማን ማንን ይይዛል?»

በአልኮል አጠበው። ሰካው። በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳ። ሳይነሳ ቢቀር በወደድኩ። ምክንያቱ ከቀባሁት ሰም ሌላ በሆነ።

ባለቤቴ ሰፈፉን ውሃ ጨምሮ ያፈላ ነበር፤ በነጠላ ያጠልለው፣ እንደገና ያፈላው፣ እንደገና ያጠልለው ነበር። ሲሠራ እያየሁ ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ። ሥራ የፈታ ሰው ልማድ ይመስለኝ ነበር። እኔ አንድ ጊዜ አፈላሁት። መኪናው ቆሞ ነበር።

ሌሊሳ አንድ ተስፋ ሰጠኝ። የጉቲኑ ቦርድ ለማሞቂያው ቀረብ ብሎ ስለተቀመጠ ማሩ ውሃ መሳቡ ሊዘገይ ይችላል ይላል። ሊዘገይ ይችላል ማለት አልቆመም ማለት አይደለም። ቢሆንም ያዝኩት።

ሰኔ 19

ሁለት ሰው ላክሁ። ቢላል እስከ ኡኬ ይሄዳል፣ ከዚያ ሞተረኛ ይፈልጋል። እህል ነጋዴው ጨመዳ በሌላ መኪና በሌላ ሰዓት ይሄዳል። አንዱ ቢቀር አንዱ ይደርሳል። ቃሉን አስጠናኋቸው፤ «ሳጥኑን አትመኑ። ቁጥሩንም አትመኑ። ልጅቷን አውጥታችሁ እናቷ ደረት ላይ አድርጉ።»

ጨመዳ አስተዋይ ነው። «እኔ ባልደርስስ?» አለ። «ኡኬ ገበያ ላይ ላውራው። በእግር የሚገባ ሰው አይጠፋም፤ አንዱ ጆሮ ይዞት ይሄዳል።»

«አውራው» አልኩ።

«የሸዋረገድ ዕቃ ሰው ይገድላል ብዬ?»

ቢላል ቀና ብሎ አየኝ።

የጊምቢ ሰዎች ሱቁ ውስጥ ቆመው ነበር። ጨመዳን ወደ ውጭ ወሰድኩትና «ለነርሷ ብቻ ንገራት» አልኩት። «ወሬ ሲዞር ይጣመማል። ጤና ጣቢያውን ቢያቃጥሉትስ? ልጄ እዚያ ናት።» ለቢላልም እንደዚያው።

ትክክለኛ ምክንያት ነው። ወሬ ይጣመማል።

ሰኔ 20

ጠዋት ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። የጨመዳ መኪና ትናንት ወጥቷል። ወደ ኡኬ የሚሄድ ሌላ ሰው ባገኝ ብዬ ነበር። ምን ልልከው እንደነበር አሁን አላስታውስም። ተመለስኩ።

ሰኔ 22

ምንም።

ሞረዳ ሰፈፍ ጭኖ መጣ። «አዴ ሸዋ! ዛሬ ያመጣሁልሽን ብታዪ! ንቦቹ ራሳቸው አልቅሰው ነው የሰጡኝ።»

«ያለፈው ማር ነበረበት።»

«ሰፈፍ አይደል? ማር የሌለበት ሰፈፍ የት አገር አለ? ሰም ብትዪኝ ሰም አመጣልሽ ነበር። ምን ሆነሻል፣ ታምመሻል?»

ምንም አልሆንኩም አልኩት። እውነቱን ነው። ሰፈፍ ብዬ ነው የገዛሁት።

ሌሊሳ የዲጋንና የአርጆን ቦርዶች አጥቦ ጨረሰ። ቀንና ሌሊት እያሠራ ያያቸዋል። እንደ ሰዓት ይሄዳሉ። ሁለቱም ከጠረጴዛው ላይ እየመቱ ነው፤ የሚተኛባቸው የለም።

ሰኔ 25

ቢላል መጣ! በሩ ላይ ቆሞ ነው የጮኸው። «እትዬ ሸዋ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ልጅቷ ደህና ናት! ነርሷም ደህና ናት!»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ሌሊሳ ውሃ ሰጠኝ። አልጠማኝም ነበር ግን ጠጣሁት።

ሰኔ 26

ጨመዳም ተመለሰ። «ደህና ናት፤ ጡት ጀመረች አሉ።» ሁለት ምስክር። በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ነገር ይጸናል ይላል መጽሐፉ።

ጡት ጀመረች ያለው ማን ነው አልኩት።

«ኡኬ ላይ ቤንዚን በሀይላንድ የሚሸጠው ልጅ።»

«አንተ ጉቲን አልገባህም?»

«ማን አስገብቶኝ! የእህል መኪናዎቹን እዚያው አቆሟቸው። በእግር የሚገቡ አሉ፤ እኔ ግን በዚህ ጉልበቴ ...»

ቢላልን አስጠራሁ። አንተስ ከማን ሰማህ?

አቀረቀረ። «ሞተረኞቹ እንቢ አሉ፣ እትዬ። መኪናዬን ጥዬ የት ልሂድ? ቤንዚን ሻጩ ነው የነገረኝ።»

ቤንዚን ሻጩ ከማን ሰማ? አያውቁም። ደግ ልጅ ነው፤ ለጠየቀው ሁሉ ደህና ናቸው ይላል አለ ጨመዳ።

እንግዲህ ቃሌን ለነርሷ ብቻ ይዘውላት እዚያው ኡኬ ተቀምጠው ነበር።

ሰኔ 27

ጠዋት ደረሳ የሚባል አስተማሪ ሱቅ ገባ። ጉቲን ያስተምራል፤ የፈተና ወረቀት ሊያደርስ መጥቷል። ባትሪ ፈልጎ ነው። ከየት ነህ ስለው ነገረኝ።

«ጤና ጣቢያው እንዴት ነው?» አልኩት። ባትሪውን እየመረጥኩ።

«ክፍት ነው። አንድ ሕፃን ሞታባቸው ነበር። እሑድ ጠዋት ቀበሩ፤ እኔም ቆሜያለሁ። ትንሽ ቀብር ናት። ነርሷ ጫማዋን በእጇ ይዛ ከሁሉም ኋላ ትሄድ ነበር።»

«የማን ልጅ ናት?»

«የባዩሽ ናት። ሰው ነርሷን ይረግማል። ተኝታ ነው የገደለቻት ይላሉ። እሷም አልተኛሁም አላለችም።»

እሑድ ሰኔ 22 ነበር። ሞረዳ ሰፈፍ ያመጣበት ቀን።

መቼ ገባህ አልኩት። ቅዳሜ። ዓርብ ኡኬ አድሮ፣ ከአምስት ሰዎች ጋር በእግር። ኡኬ ስለ ሳጥን የሚወራ ነገር ሰምተህ ነበር አልኩት።

«ስለ ምን ሳጥን?»

ባትሪውን ሰጠሁት። አራት ፈልጎ ነበር፤ ስምንት ሰጥቼዋለሁ። ተመልሶ መጥቶ «ተሳስተዋል እናቴ» ብሎ አራቱን መለሰልኝ።

ሁለት ሰው ደህና ናት አሉ፤ አንድ ሰው ቀበርን አለ። ሁለት ለአንድ ነው።

ሁለቱ ግን አንድ አፍ ናቸው።

ሰኔ 28

ሱቅ አልከፈትኩም። ሌሊሳ በጓሮ በር ገባ። ነገርኩት። ካውያውን ሰክቶ ነበር፤ ነቀለው። ከዚያ ጠረጴዛውን ሲጠርግ ዋለ።

ሐምሌ 2

መንገዱ በአጀብ ተከፈተ። ነገ ጎህ ሲቀድ። እኔ፣ ሌሊሳ፣ ቢላል። ሌሊሳን አንተ ቅር ብዬው ነበር፤ «ቦርዱ የእኔም ነው» አለ።

ሐምሌ 4፣ አንገር ጉቲን

ትናንት ከሰዓት ገባን። ሐሴት በረንዳ ላይ ጓንት እያጠበች ነበር። ስታየኝ አልሮጠችም። ሳመችኝ፤ «መንገዱ እንዴት ነበር?» አለችኝ እንደ እንግዳ።

ሳጥኑ ጥግ ላይ ቆሟል። መብራት ነበር። ፊቱ ላይ ሠላሳ ስድስት ይላል። ማንም አልነቀለውም።

ከሞተች በኋላ ነው ያወቅሁት አለችኝ። ቅዳሜ ማታ ባዩሽ ጡት ካጠባቻት በኋላ ሐሴት ቁጥሩን አይታ ተኛች። ሌሊት ነቅታ አየች፤ ሠላሳ ስድስት። ተመልሳ ተኛች። ሲነጋ እጇን አስገባች።

«ለምን አልተናገርሽም? ሳጥኑ ነው ለምን አላልሽም?»

«ሳጥኑን ማን አመጣው?» አለች። «ሳጥኑ ነው ብል አንቺን ነው የሚሉት።»

ልጄ ስንት ቀን እኔን ደብቃ ስትረገም ቆየች። እኔ ደግሞ ነቀምቴ ሆኜ ስሜን ስጠብቅ ነበር። ይህን ለራሴ ብቻ ነው የምጽፈው።

የባዩሽ አባት ቤት አሁንም ሰው ይመጣል። ገባን። ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በአንድ በኩል ተቀምጠዋል። ባዩሽ መሃል ናት፤ ራሷን በነጠላ አስራለች። ሐሴት ከበሩ አላለፈችም። አንድ ሽማግሌ፣ የባዩሽ አጎት ናቸው፣ አይተዋት ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«እንቅልፍ የማትጠግብ ነርስ ላኩልን። እናት በሆነች ባወቀችው።»

«ኧረ ይተዉ፣ ልቅሶ ቤት ነው» አለች አንዲት ሴት።

«ልቅሶ ያመጣችውን ነው የምናገር!»

ተነሳሁ። ገበያ መሃል ለመናገር አልፈራም፤ እዚያ ግን ምሰሶውን ያዝኩ።

«ልጄ ናት» አልኩ። «ሳጥኑን የሸጥኩት እኔ ነኝ። ያበላሸሁትም እኔ ነኝ፤ ያልተጣራ ሰፈፍ ቀብቼ። ቁጥሩ ይዋሻል። ቁጥሩን አይተሽ ተኚ ያልኳት እኔ ነኝ።»

ሁሉም ባንዴ ጮኹ።

«ሰፈፍ ነው ያለችው?»

«ባሏ ለእኔ ሬዲዮ ቀብቶልኝ እስከ ዛሬ ይሠራል!»

«ሬዲዮና ሰው አንድ ነው?»

«ከነቀምቴ ድረስ መጥታ በአፏ ተናግራለች፣ ሌላው ይክድ ነበር።»

«ተናግራ ልጅቷን ታስነሳ!»

ሌሊሳ ተነሥቶ ቦርዱን የሠራሁት እኔ ነኝ አለ። የሰማው የለም። ሽማግሌው እኔን ብቻ ያያሉ። «መች ነው ብልሽቱን ያወቅሽው?» አሉኝ።

«የሌሎቹ አገሮች ሳጥኖች ሲቆሙ።»

«ታዲያ አልላክሽም?»

«ሁለት ሰው ላክሁ። መንገድ ተዘግቶ አልደረሱም።»

እውነት ነው፤ መንገድ ተዘግቶ ነበር። ከዚህ ሌላ የጠየቀኝ የለም። ጨመዳ ምን ብሎኝ እንደነበር የጠየቀኝ የለም።

ስንወጣ ባዩሽ እስከ በሩ መጥታ ለሐሴት እጇን ዘረጋችላት። ለእኔ አልዘረጋችም።

ሐምሌ 6

ሌሊሳ የዚህንም ቦርድ አጠበው። ያለ ሰም ሠርቷል። ትናንት ሎሚ የምትባል ልጅ እግር ወለደች፤ የመጀመሪያዋ ነው፣ ያለ ወሩ የመጣ። ሴት ናት፤ በጣም ትንሽ። ሐሴት ሌሊሳን «ሳጥኑ ውስጥ ላስገባት?» አለችው። አየሁት። አራቱ ክሪስታሎች ደህና እንደሚመቱ እያወቀ እጁን ሳጥኑ ውስጥ አስገብቶ ሙቀቱን ዳሰሰ። «እንደ ተጨማሪ ይሁን፤ ዋናው ደረት ነው» አለ በመጨረሻ።

ደረት ላይ ይሁን ተባለ። ሎሚ ግን ትኩሳት ያዛት፤ ቀኑን ሙሉ አትችልም። አማቷ አሮጊት ናት፣ ቶሎ ትደክማለች። ሐሴት በሽተኛ አለባት።

ረፋድ ላይ ባዩሽ መጣች። ማን እንደነገራት አላውቅም። ለማንም ሰላም ሳትል ቁጭ አለች፤ ነጠላዋን ፈታች። ጡቷ አልደረቀም። «አምጧት» አለች። አጎቷ ውጭ ቆመው «አንቺ ልጅ፣ ምን አስበሽ ነው!» እያሉ ነበር። አልመለሰችላቸውም። የሎሚ ልጅ መሳብ አልቻለችም፤ ሐሴት ከባዩሽ ጡት የታለበውን በማንኪያ ሰጠቻት። ከዚያ ባዩሽ ደረቷ ላይ ይዛት ቆየች። ዝናቡ ጣራውን ይደበድብ ነበር።

ሲደክማት ተራ አወጣች። እሷ ናት ያወጣችው። «መጀመሪያ አሮጊቷ። ከዚያ ሐሴት።» ወደ እኔ ሳትዞር «ከዚያ አንቺ» አለችኝ። «ቀሚስሽን ፍቺ። ጨርቅ መሃል አይግባ።»

አሁን ተራዬ ነው። የሎሚ ልጅ ደረቴ ላይ ናት፤ በአንድ እጄ ነው የምጽፈው። ክብደት የላትም ማለት ይቻላል። ባዩሽ ወደ ቤቷ አልሄደችም። ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። አታናግረኝም፣ ዓይኗን ግን ከእኔ አታነሳም።

«ምን እየጻፍሽ ነው?» አለችኝ አሁን።

ምንም አልኳት።

«አስቀምጪውና በሁለት እጅሽ ያዢያት።»